ክሎሪን ነቃዮቹና የአሲድ ጣጣ

የላውንደሪ ቤቶች ያለ ውኃ ልብስ የሚያጸዱበት ፐርክሎሮኤትሊን መሬት ውስጥ ከሰረገ፣ ከውኃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘልቃል። ኦክስጅን በሌለበት በዚያ ጥልቀት ግን ክሎሪኑን «የሚተነፍሱ» ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሃይድሮጅን እየተመገቡ አራቱን የክሎሪን አቶሞች አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ከእነሱ አንዱ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ዲሃሎኮኮይደስ፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ ኤትሊን ያስቀራል።

ጣጣው አሲዱ ነው። ክሎሪን በተነቀለ ቁጥር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወጣል፤ መሬቱን ለማጽዳት ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ብለን የምንጨምረው ሞላሰስም ሲብላላ አሲድ ያፈራል። አሲዱ በዝቶ ፒኤች ከ6 ሲወርድ ዲሃሎኮኮይደስ ይለግማል። ሰልፉሮስፒሪለም የተባለው ሌላ ባክቴሪያ አንዳንድ ዝርያዎች ፒኤች 5.5 ላይም ይሠራሉ፤ ግን ሁለት ክሎሪን ነቅለው ያቆማሉ። የባሰው ነገሩ አንድ ክሎሪን በቀረው ቪኒል ክሎራይድ ላይ ከተገታ ነው፤ እሱ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ነው።

ስለዚህ ባክቴሪያ ከመጨመር በፊት ፒኤች ይለካ። ዝቅ ካለ ቤኪንግ ሶዳ፣ ያው የኩሽናው፣ በውኃ ተበጥብጦ በጉድጓድ ወደ መሬቱ ይለቀቃል።