«ነጂ» እና «ማገዣ»፦ በአውሮፕላንና በአውቶሞቢል መሣሪያዎች አሰያየም ላይ

«አውቶፓይለት» የአቪዬሽን ቃል ነው። ዛሬ ግን ወደ አውቶሞቢል ቋንቋም ተሻግሯል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል፤ ከእነርሱም ጋር መስመር የሚያስጠብቁ፣ ርቀት የሚመጥኑና ፍሬን የሚይዙ መሣሪያዎች መጥተዋል። ለእነዚህ ምን ስም እንስጣቸው?

የአውሮፕላኑ አውቶፓይለት የታዘዘውን ከፍታና አቅጣጫ ይጠብቃል። በጉዞ ከፍታ ላይ ሥራውን ቢያቋርጥ፣ ለሠለጠነው አብራሪ አብዛኛውን ጊዜ ፋታ ይኖረዋል። በመንገድ ላይ ግን እግረኛ፣ ጋሪና ከብት ድንገት ይገባሉ፤ የአሽከርካሪው ፋታ የሴኮንዶች ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ከ0 እስከ 5 ባወጣው የደረጃ ምደባ መሠረትም፣ እስከ 2ኛው ደረጃ ድረስ መንገዱን የሚከታተለው ሰው ነው።

የስያሜ ስሕተት ቀላል ነገር አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ 157 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የገፋው ሥርዓት «ኤምካስ» ይባላል። ይህ ሥርዓት የሚሠራው አውቶፓይለቱ ሲጠፋ ነው። እንግዲህ ኤምካስን «አውቶፓይለት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነገሩን ይገለብጠዋል።

በአማርኛ የአድራጊ ስምና የመሣሪያ ስም በቅርጽ ይለያያሉ፦ ነጂ እና መንጃ፣ አጋዥ እና ማገዣ። የአድራጊው ስም ኃላፊነትን ጭምር ይሸከማል። በእኛ በቁይ አካባቢ በሬዎቹ ትልሙን ቢለምዱም ገበሬው እርፉን አይለቅም፤ «አራሽ» የሚባለውም እርፉን የያዘው ሰው ነው። «ረዳት» የሚለው ቃልም አይመችም፤ በአውሮፕላን ረዳት አብራሪን፣ በአውቶቡስ የሾፌሩን ረዳት፣ ማለት በሁለቱም ሰውን ያመለክታልና።

ስለዚህ ለአውሮፕላኑ «አውቶፓይለት» እንዳለ ይጠበቅ፤ ሲብራራም «ራስ-ሰር የበረራ መምሪያ» ይባል። ለአውቶሞቢሉ «የመንዳት ማገዣ» ይበቃል። «ራስ-ነጂ» የሚለው ስም ያለ ሰው ክትትል ለሚሄድ መኪና ብቻ ይቀመጥ። ፋብሪካው መሣሪያውን «አውቶፓይለት» ብሎ የሰየመው እንደ ሆነ፣ ተርጓሚው ስሙን በትእምርተ ጥቅስ አስገብቶ «የመንዳት ማገዣ» የሚለውን ከአጠገቡ ይጻፍ። መመሪያውን የሚያነበው ሰው መሪውን መልቀቅ አለመልቀቁን የሚወስነው ከዚህ ቃል ተነሥቶ ነው።