የቆቦ ነው ያለው ማነው?

ደሴ ገበያ ላይ ነጋዴው «የቆቦ ሽንኩርት ነው» ካለ፣ ገዢው አምኖ ከመውሰድ ሌላ ምርጫ የለውም። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቁ እንጂ በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ የደጋው ድንችና የቆላው ፍራፍሬ እዚህ ይገናኛሉ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ፣ የደሴና የባቲ መንገዶች ይገጥማሉ። ሦስት እጅ የተቀባበለውን ጆንያ መነሻ የሚመሰክርለት የለም።

ምርቱን ሳይቆርጡና ሳይፈጩ አገሩን ለማወቅ የሚሞክር ዘዴ አለ። ልዩ ካሜራ ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን አልፎ ታህተ ቀዩንም ያነባል። ውሃ፣ ስኳርና ስታርች ይህን ብርሃን የሚውጡት በየራሳቸው መጠን ነው፤ አፈሩና ዝናቡ በፍሬው ላይ የተዉት ልዩነትም እዚያ ውስጥ ይፈለጋል።

በእኛ አገር የምርትን መነሻ ከምስል የመለየት ሙከራ ቡና ላይ ተደርጓል። በ2013 እ.ኤ.አ. በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መጽሔት የወጣ ጥናት የባሌን፣ የሐረርን፣ የጅማን፣ የሊሙን፣ የሲዳሞንና የወለጋን ቡና በፍሬው ቅርጽና ቀለም ከፎቶ ለመለየት ሞክሯል። ቡና ላይ ስም ገንዘብ ነው፤ ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ በሚሉት ስሞች የተነሳ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 እ.ኤ.አ. የተስማማችውም ለዚሁ ነበር።

ሽንኩርት ግን ይከብዳል። ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዝርያ ቆቦም ፎገራም ይመረታል፤ ስለዚህ ካሜራው የሚጠየቀው ዝርያን ከዝርያ ሳይሆን አንዱኑ ዝርያ ማሳ ከማሳ እንዲለይ ነው። ደረቁ ልጣጭም የውስጡን ይጋርድበታል። ደግሞስ ማሽን መች አገር ያውቃል? ቀድሞ ካየው ናሙና ጋር ያነጻጽራል እንጂ። የመርሳን ሽንኩርት አይቶ የማያውቅ ከሆነ «አላውቅም» አይልም፤ ከሚያውቃቸው ለአንዱ ይሰጠዋል። የዘንድሮ ናሙናም ለከርሞ ላይበቃ ይችላል፤ ዝናቡ ሲለወጥ ፍሬውም ይለወጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ካሜራ ከመገዛቱ በፊት ገንዘቡ ለናሙና ሰብሳቢ ይዋል። ሥራው ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመች ይመስለኛል፤ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ኮምቦልቻ ነው፣ ማሳውም ሩቅ አይደለም። ብቻ ናሙናው በአዝመራ ወቅት ከገበሬው ማሳ ይነሳ። ከገበያ ተገዝቶ «የቆቦ» ተብሎ ከተመዘገበማ፣ ማሽኑ የሚማረው የነጋዴውን ቃል ነው።