የአውሮፕላን መስታወት እንዴት ይነበባል?

ሰበታም ኑሩ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ሲያልፍ ታያላችሁ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በክረምት ጉም ተራራውን ሲሸፍነው አብራሪው በዓይኑ አያየውም። ታዲያ በምን ይሄዳል? በንባብ ነው።

ቀድሞ በአብራሪው ፊት ሰዓት የሚመስሉ ባለ መርፌ መለኪያዎች ተደርድረው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ሲያስመጣ ከመርፌዎቹ ከፊሎቹ ቀሩና እንደ ቴሌቪዥን ያለ መስታወት ተተካ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የገባው ድሪምላይነር ደግሞ ሁሉንም ማለት ይቻላል በሰፋፊ መስታወት ያሳያል።

አነባበቡ እንዲህ ነው። በመስታወቱ መካከል ላዩ ሰማያዊ፣ ታቹ ቡናማ ነው። ሰማያዊው ሰማይ፣ ቡናማው መሬት ማለት ነው። የሚለያቸው መስመር ካዘመመ አውሮፕላኑ አዘንብሏል። በግራ ያለው ቁጥር ፍጥነት፣ በቀኝ ያለው ከፍታ ነው። ከፍታው የሚታወቀው በአየር ግፊት ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳልና።

ነገር ግን ልብ በሉ! መስታወቱ ራሱ አያይም። መለኪያዎች የነገሩትን ብቻ ይጽፋል። መለኪያው ከተሳሳተ መስታወቱም ይሳሳታል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በአፍንጫው ግራና ቀኝ ነፋሱ በምን አቅጣጫ እንደሚመጣ የሚለኩ ሁለት መለኪያዎች ነበሩት። ግራው 74፣ ቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ አለ። በሁለቱ አብራሪዎች ፊት የሚታየው ፍጥነትና ከፍታም ተለያየ። ኮምፒዩተሩ ግን የተሳሳተውን የግራውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋው።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን እንዲያስተያይ፣ ካልተስማሙም እጁን እንዲሰበስብ ተደርጓል። አብራሪም የግራውን፣ የቀኙንና የመጠባበቂያውን ንባብ ያመሳክራል። ሁለቱ ተስማምተው አንዱ ከተለየ የተለየው ይጠረጠራል።

ቁጥር ማንበብ አንድ ዕውቀት ነው፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ሁለተኛው ነው። እናንተም ጤፋችሁ ቁጥር በሚያበራ ሚዛን ሲመዘን ይህንኑ አድርጉ። ባዶውን ሲሆን 0 ይላል ወይ? በሌላ ሚዛንስ ስንት ኪሎ ይሆናል? ብላችሁ ጠይቁ።