ያልተለቀሰ ሞት ለልጅ ይተርፋል

የጦርነት ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል ሲባል ወሬው ቶሎ ወደ ደምና ዘረመል ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የራኬል የሁዳና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። ጥናቱ ከናዚ ጭፍጨፋ በተረፉ ሰዎችና በልጆቻቸው ዘንድ ከጭንቀት ጋር በተያያዘ ዘረመል ላይ የተለየ ምልክት መታየቱን ገልጿል። የተጠኑት ተራፊዎች ግን 32፣ ልጆቻቸው ደግሞ 22 ብቻ ነበሩ። በዚህ ብቻ «ሐዘን በደም ይወረሳል» ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ድምዳሜው ጉዳትም አለው፤ በደም የመጣ ነገር ምን ይደረጋል ያሰኛል።

ከዘረመሉ ይልቅ ትኩረት የተነፈገው ምክንያት እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ መርዶው ያልተነገረ፣ ያልተለቀሰ ሞት ነው።

በደርግ ዘመን ቀይ ሽብር ያለፈባቸውን ቤቶች እንይ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ፣ እንዳያለቅሱና ጥቁር እንዳይለብሱ የተከለከሉ ወላጆች ነበሩ። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በሚነገርበት፣ እድር ድንኳን በሚጥልበት፣ አርባና ሙት ዓመት በሚቆጠርበት አገር ይህ ክልከላ ከባድ ነው። ለቅሶ ቤት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያያል፣ ለማን እንደሚለቀስ ያውቃል፣ ሰው ተጽናንቶ ወደ ሥራው ሲመለስም ያያል። ለቅሶው ሲታፈን ግን ለልጁ የሚደርሰው ድንጋጤው ብቻ ነው። ማታ በር ሲንኳኳ የእናቱ ፊት ይለዋወጣል። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ፎቶ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ «ዝም በል፣ ግድግዳ ጆሮ አለው» ይባላል። ምን እንደሚፈራ ስላልተነገረው ሁሉንም ይፈራል።

ያ ፍርሃት ከቤት ወጥቶ የአገር ምክር ሆነ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባለ ያደገው ትውልድ፣ የሞተበትን ሰው በስም እንኳ ሳያውቅ፣ ስለ አደባባይ ጉዳይ አፉን መያዝን ተማረ። የዝምታው ዋጋ የአንድ ቤተሰብ እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አሁንም ያው እየተደገመ ነው። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። በትግራይ ለተሰዉት ተዋጊዎች ቤተሰቦች በይፋ መርዶ ተነግሮ የሐዘን ቀናት የታወጁት ግን በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። ዓመት ሙሉ «ይመጣል» እየተባሉ የከረሙ ልጆችን ማሰብ ነው። በአማራም፣ በአፋርም፣ ልጁን ለሠራዊቱ በሰጠው በሌላውም አካባቢ፣ ይኑር ይሙት ያልታወቀ ሰው የሚጠብቅ ቤት አለ።

እርግጥ፣ መናገር ሁሉ አያድንም። ከሞት በኋላ የተወለደን ልጅ ደመላሽ ብሎ ሰይሞ የገዳዩን ወገን እየቆጠሩ ማሳደግም ሕመሙን ማውረስ ነው፤ ይህኛው ፍርሃት ሳይሆን ዕዳ ያሸክማል። ዝም ያሉ ወላጆችም ልጃቸውን ሊያተርፉ ብለው ነው፤ በዚያን ጊዜ የልጅ አፍ ቤተሰብ ያስጨርስ ነበር። አደጋው ካለፈ በኋላ ግን ልጁ ማን እንደሞተ፣ እናቱ ለምን እንደምትደነግጥ፣ እሱም የሚከፍለው ደም እንደሌለበት በዕድሜው ልክ ሊነገረው ይገባል።

የአእምሮ ሐኪም በየወረዳው እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። እድሩ፣ ቄሱና ሼኩ ግን ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ማስለቀስና ማጽናናትም ያውቁበታል። እነሱ ሊሠሩ የሚችሉት ግን ሞቱ ሲነገር ነው። ስለዚህ በማንኛውም ወገን ተሰልፎ የወደቀውን ሰው ስም ለቤተሰቡ ማድረስ፣ ሐዘኑንም ያለ ፍርሃት እንዲወጣ መፍቀድ፣ ተዋጊ ያሰለፈ ሁሉ ያለበት ግዴታ ነው።