ስለ አየር ጠባይና ስለ ነገ ሐሳብ የእንግሊዝኛ አነጋገር

በአዊ አገር የሚወለድ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው እርምጃ ነው። አስቀድሞ በእናቱ ጉያ ሆኖ አዊኛን ይሰማል፤ ቀጥሎ አማርኛን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ይመጣበታል። ከ9ኛው ክፍል ጀምሮም ሒሳቡና ሳይንሱ በዚሁ ቋንቋ ስለሚሰጠው፥ ቋንቋውን ያላወቀ ልጅ ዕውቀት ሳያንሰው ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በቆሰበር ያሉ አባቶችና እናቶች በቤታችን ሆነን ከምን ብንጀምርለት ይሻላል ብለው ቢጠይቁን፥ ከአየር ጠባይ ጀምሩ ብለን እንመልሳለን። ዛሬ እንጅባራ ተብላ የምትጠራው ቆሰበር ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ጉሙም ካፊያውም ዶፉም ውርጩም በደጃፍ ይገኛል። ልጁ ቃሉን ሲሰማ ነገሩን በዓይኑ ያየዋልና ለመያዝ አይቸግረውም።

ደግሞም የእንግሊዝ ሰው ስለ አየር መናገር በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓመት ድረስ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺስማን የጣናን ሐይቅና የዓባይን መንገድ እየዞረ መርምሮ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። ዓባይን የሚሞላው የኛው የክረምት ዝናብ ነውና፥ የዚህ አገር ደመና የሩቁንም ሰው ያሳስበው ነበር።

የሆነ ሆኖ ቃላቱን በአንድ ለአንድ መተርጐም ልጁን ያሳስታል። በረዶ የሚለውን ቃል እንመልከት። እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፥ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚረግፈውንም፥ ውኃ ረግቶ የሚሆነውንም ሁሉ በረዶ እንላለን። እንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያውን ሄይል፥ ሁለተኛውን ስኖው፥ ሦስተኛውን አይስ ብሎ ይለያቸዋል። የቆሰበር ልጅ የሚያውቀው ሄይልን ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ልጆች በስኖው ሲጫወቱ ሲያነብ፥ እንዴት አናታቸውን አልፈነከታቸውም ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ፎግና ሚስት ደግሞ ከኛ ጉምና ጭጋግ ጋራ ይቀራረባሉ። የአየር ሊቃውንት መለያው የዓይን ርቀት ነው ይላሉ፤ ሰው 1,000 ሜትር አሻግሮ ማየት ካቃተው ፎግ ነው፥ ከዚያ በላይ ካየ ሚስት ይባላል። ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ በክረምት ጧት የሄደ ሰው ይህን ልዩነት ያለ መምህር ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው ግን የወራቱ ስም ነው። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፥ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ልጁ ክረምት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሁለት ይሆናል። ወሩን የቈጠረ ሰመር ይለዋል፤ በአውሮፓ ያን ጊዜ ፀሐይ የምትበረታበት ወራት ነውና። መኃልየ መኃልይን ያነበበ ግን ዊንተር ይለዋል፤ በዚያ በምዕራፍ 2 በአማርኛው ክረምት የተባለው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ዊንተር ተብሏልና። ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው፤ ለእንግሊዝ ሰው ግን ሁለቱም የኛን ክረምት አያሳዩትም። ሰመር ቢሉት ፀሐይ፥ ዊንተር ቢሉት ስኖው ይታየዋል። እኛስ ሬይኒ ሲዝንና ድራይ ሲዝን ማለት ይበቃል እንላለን፤ የዝናብ ወራትና የደረቅ ወራት ማለት ነው።

በረደኝ ለማለት አይ አም ኮልድ፥ ጉንፋን ይዞኛል ለማለት አይ ሃቭ ኤ ኮልድ እንደሚባል ማስጠንቀቅ ደግሞ መልካም ነው፤ በትንሽ ቃል ብርዱ በሽታ ይሆናልና።

አሁን ስለሚመጣው ቀን አነጋገር እንናገር። በአማርኛችን ይዘንማል የሚለው አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። በሐምሌ በየቀኑ ይዘንማል ስንል ልማዱን መናገራችን ነው፤ ነገ ይዘንማል ስንል ግን ገና ያልሆነውን ነው። እንግሊዝኛ ለልማዱ ኢት ሬይንዝ፥ ለሚመጣው ኢት ዊል ሬይን ብሎ ይለያል። ልጁ ይህን ቢያደባልቅ ስንፍና አይደለም፤ የአፉ ቋንቋ ስቦት ነው።

ነገር ግን አማርኛችን ድኻ ነው አይባል። ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ አቧራውን ሲያስነሣ ያየች እናት፥ ስጡን አስገቡ፥ ሊዘንም ነው ትላለች እንጂ ይዘንማል አትልም። ይህ ሊዘንም ነው የሚለው ከእንግሊዝኛው ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን ጋራ ይገጥማል፤ ሁለቱም በዓይን በታየ ምልክት ላይ ቆመዋልና። ለሰው ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ የቈረጠ ሰው ቤት ልሠራ ነው ለማለት አይ አም ጎይንግ ቱ ቢልድ ኤ ሀውስ ይላል። ከባልንጀራው ጋራ ቀን የተቃጠረ ደግሞ ነገሩ አሁን እየተፈጸመ እንዳለ አድርጎ አይ አም ሚቲንግ ሂም ቱሞሮው ይላል። በዚያው ሰዓት ያሰበውን ግን በዊል ይናገራል። እንግዳ ሲገባ፥ ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብላ የምትነሣ ልጅ፥ አይ ዊል ሜክ ዘ ኮፊ ትላለች፤ ጎይንግ ቱ ብትል አስቀድማ አስባበት ነበር ማለት ይሆናል።

በሥርዐት የተወሰነ ቀጠሮ እንደ ልማድ ይነገራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዋዜማው፥ በዓሉ ነገ በ3 ሰዓት ይጀምራል ለማለት ቢያስፈልግ፥ ዘ ፌስቲቫል ስታርትስ አት ናይን ቱሞሮው ይባላል። ናይን ዘጠኝ ነው እንጂ ሦስት አይደለም የሚል ቢኖር፥ የኛ ሰዓት ከጧት፥ የነርሱ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቈጠር ያስብ፤ ይህን ስድስት ሰዓት የዘነጋ ሰው እንግዳውን ፈረሱ ሁሉ ከተበተነ በኋላ ያደርሰዋል።

ከዘነመ እቀራለሁ የሚለውም ይጠና። አማርኛው ከዘነመ ብሎ ያልሆነውን እንደ ሆነ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ኢፍ ኢት ሬይንዝ፥ አይ ዊል ስቴይ ብሎ የልማዱን ቃል ይወስዳል። ዊል በኢፍ ወገን አይገባም።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሳይሉ ስለ ነገ መናገር ድፍረት ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። በእንግሊዝኛም ጎድ ዊሊንግ የሚል ቃል ስላለ በዚህ አይጣሉም። እንዲያውም ይህ ፍርሃት በእንግሊዝ አገርም ነበረ። አድሚራል ፊትዝሮይ በ1861 ስለሚመጣው የአየር ጠባይ ለሕዝብ በጋዜጣ ማስታወቅ ሲጀምር፥ ነገሩ እንደ ነቢይ ቃል እንዳይቈጠርበት ፎርካስት የሚል ስም መረጠለት፤ ከምልክት ተነሥቶ አስቀድሞ መገመት ማለት ነው። እኛ ግን ትንበያ ብለነዋል፤ ይህም ነበየ ከሚለው፥ ትንቢት ከወጣበት ሥር የመጣ ነው። ስሙ ራሱ ለሰሚው ከልክ ያለፈ እርግጥነት ይሰጠዋል ብለን እንሠጋለን።

ይህም የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኅዳር ገብሱ ታጭዶ ተከምሮ ሳለ፥ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይመጣል የተባለ ገበሬ ቤተ ሰቡን ሁሉ አስነሥቶ ሌሊቱን ሲያነሣ ያድራል። ወሬው በእንግሊዝኛ ኢት ሜይ ሬይን የሚል ቢሆንና የጽሕፈት ቤት ሰው ይዘንማል ብሎ ቢያስተላልፈው፥ ዝናቡም ቢቀር፥ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የሚሰማው አይገኝም፤ እህሉም በክምሩ ይበሰብሳል። ሜይ ሊዘንም ይችላል ነው፤ ላይክሊ ሳይዘንም አይቀርም ነው፤ ዊል ይዘንማል ነው። በአማርኛ ሊዘንም ነው በሚለውና ሊዘንም ይችላል በሚለው መካከል ያለው አንድ የመጨረሻ ቃል ነውና፥ ያችን ቃል የሚጥል ጸሓፊ የገበሬውን ክምር እንደ ጣለ ይቈጠራል። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወራቱን ዝናብ ከመደበኛ በላይ፥ መደበኛ፥ ከመደበኛ በታች ብሎ በሦስት ከፍሎ ለያንዳንዱ ከመቶ ስንት ዕድል እንዳለው ማመልከቱ ስለዚህ ነው።

በቤት የሚደረገው ልምምድ ቀላል ነው። ማታ ከእራት በፊት አባት ወይም እናት ልጁን ወደ ደጅ ያውጡትና ዋት ዊል ዘ ዌዘር ቢ ላይክ ቱሞሮው ብለው ይጠይቁት። እንዴት ይሆናል የሚለውን የአማርኛ አጠያየቅ ተከትሎ ሃው ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከነላይክ መጨረሻው ዋት ይባላል። ልጁ ደመናውን አይቶ ከሜይ፥ ከላይክሊና ከዊል አንዱን መርጦ በደብተሩ ይጻፍ፤ በማግሥቱም ማታ ከሆነው ጋራ አስተያይቶ በአጠገቡ ኢት ሬይንድ ወይም ኢት ዲድ ኖት ሬይን ብሎ ይጨምርበት።