በጓሳ ደጋ የመኪና ሞቶርና የኤሌክትሪክ ጉድለት በቤት ስለሚመረመርበት ሥርዓት

መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በደጋው አገር ዘሩም ማዳበሪያውም በሽተኛውም የሚጓዘው በመኪና ስለ ሆነ፥ መኪናው ሲቆም ሥራው ሁሉ አብሮ ይቆማል። ከጣርማ በር በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ፥ ከዚያም ወደ ጓሳ የሚወጣ ሹም መካኒክ እስኪመጣ በውርጭ ሊያድር ይችላል፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን ቀን አትጠብቅም። ስለዚህ ሹማምንትና ባለመኪኖች ሁሉ የጉድለቱን ምርመራ በተራ ማወቅ ይገባቸዋል።

ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ አየሩም ስስ ነው። ቅዝቃዜው የባትሪውን ኃይል ይቀንሳል፤ የሞቶሩንም ዘይት ያወፍራል። እንግዲህ ብዙ ኃይል በሚፈለግበት ማለዳ ባትሪው ጥቂት ብቻ ይሰጣል።

አንደኛ፤ የፊት መብራት በርቶ ቁልፉ ይዙር። መብራቱ ቢደበዝዝ ባትሪው ደክሟል፥ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። በማሰሪያው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ቢታይ፥ ሞቶሩ ጠፍቶ ሳለ አስቀድሞ ኔጋቲቩ ይፈታ፤ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ኔጋቲቩ በመጨረሻ ይታሰር፤ ግራሶም ይቀባ። መብራቱ ደምቆ ሳለ ሞቶሪኖው ዝም ቢል ፊውዙና ሽቦው ይታይ። የተቃጠለ ፊውዝ በልኩ ይለወጥ እንጂ በሽቦ አይተካ፤ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላልና።

ሁለተኛ፤ ሞቶሪኖው በደኅና እየዞረ ሞቶሩ ባይነሣ ነዳጁ ይመርመር። የናፍጣ መኪና ነዳጁ አልቆበት እንደ ሆነ በቧንቧው አየር ገብቷልና በእጅ ፖምፓ ይውጣ፤ ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውም ውሃ ይፍሰስ። በቤንዚን መኪና ካንዴላው ጥላሸት ቢይዝ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል። በቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ይህ ይደርስበታል፤ ነዳጁ እንዲቀነስ ለመካኒክ ይነገር። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ግን መጠኑን ራሱ ያስተካክላል።

ሦስተኛ፤ በዚህ ከፍታ ውሃ በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አምቆ ሲይዝ ውሃው ከዚያ በላይ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ክዳኑ ያረጀ እንደ ሆነ ግን በዳገት ላይ ፈልቶ ያልቃል። ትኩስ ራዲያተር ከቶ አይከፈት፤ ፊትና እጅ ይጠብሳል። ውሃ ብቻ የያዘ ሞቶር ደግሞ በውርጭ ሌሊት ሊሰነጠቅ ይችላልና የብርድ መከላከያው ፈሳሽ ከውሃው ጋር እኩል ይቀላቀል።

በጉዞ ላይ የባትሪው ቀይ መብራት ቢበራ ወዲያው ቆሞ ቺንጋውን ማየት ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞው ኃይል አይሰጥም፤ የውሃውንም ፖምፓ የሚያዞረው እርሱ እንደ ሆነ ሞቶሩ ግሎ ይበላሻል።

የመንዝ አባቶች በቄሮ ሥርዓት የጓሳን ሣር ለችግር ቀን አስቀድመው ይከለክሉ ነበር። መኪናም የሚጠበቀው ሳይበላሽ ነው። እያንዳንዱ ሹም ነጂው ማታ ማታ ዘይቱን፥ ውሃውን፥ የባትሪውን ማሰሪያና ቺንጋውን እንዲያይ ይዘዝ፤ ትርፍ ፊውዝና ቺንጋም ከመኪናው አይለይ።