አንድ ባይት

«ጋሼ፣ ፎልደሩን 777 አድርጌዋለሁ፤ አሁንም እምቢ አለኝ።»

ይህን ሳልሰማ ያለፈኝ ሳምንት ጥቂት ነው። ሰርቨር ላይ ፋይል አልቀመጥ ሲል ወጣቶቻችን መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ፐርሚሽን ነው። 777 ማለት ያገኘ ሁሉ ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስኪድ ማለት ነው። ቁልፉ አልከፍት ስላለ በሩን ነቅሎ እንደ መጣል።

የዚያን ቀኑ ሥራ በፒኤችፒ የተጻፈ የአንድ መሥሪያ ቤት የደብዳቤ መመዝገቢያ ነበር። አንዳንዱ ደብዳቤ ይገባል፣ አንዳንዱ አይገባም። በልጁ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ግን ሁሉም ይገባል። ፐርሚሽን ቢሆን ሁሉንም ነበር የሚከለክለው። መጠንም አይደለም፤ ፒኤችፒ ቅንብሩ ካልተነካ እስከ 2 ሜጋባይት ይቀበላል፣ እምቢ ያለው ፋይል 300 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ዲስኩም አልሞላም።

ሎጉን ከፈትኩ፤ ባዶ። ኮዱን ሳይ፣ ፋይሉን ከጊዜያዊ ቦታው የሚያነሳው ትእዛዝ ፊት ያቺ ኢሜይል አድራሻ ላይ የምናውቃት ምልክት ተቀምጣለች። ፒኤችፒ ውስጥ የስሕተቱን አፍ የምትይዝ እሷ ናት። ማን እንዳስቀመጣት አልጠየቅኩም፤ እኔም በጊዜዬ ብዙ አስቀምጫለሁ። አነሳናት፣ ደግመን ላክን፣ ሎጉ ተናገረ፦ የፋይሉ ስም ረዝሟል።

ስሙ ይኸው፦ «የ2016 በጀት ዓመት የሦስተኛ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት እና የቀጣይ ሩብ ዓመት የትኩረት አቅጣጫዎችን ስለመላክ የተጻፈ ሸኚ ደብዳቤ ከአባሪዎቹ ጋር»፤ መጨረሻው ላይ ነጥብና ፒዲኤፍ።

ልጁ ቆጠረው። «ከነክፍት ቦታው 104 ነው። የሚፈቀደው 255 አይደል እንዴ?»

255 ነው፤ ግን ሰርቨሩ ሊኑክስ ነው፣ የሚቆጥረውም ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ዊንዶውስ አንዱን የግዕዝ ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጥር ላፕቶፑ ዝም ብሎ ተቀበለው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ቦታ የተሰጠው ከላቲኑ ርቆ ስለሆነ፣ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። እንግሊዝኛው በአንድ ባይት ያልፋል። ወረቀት ላይ ደመርንለት፦ 76 ፊደል በ3 ሲባዛ 228፣ አኃዞቹ 4፣ ክፍት ቦታዎቹ 20፣ ነጥቧና ፒዲኤፉ 4። 256። የሦስት ወር ሪፖርት በአንድ ባይት ደጅ ቀረ!

«እንግዲያ ርዕሱን ያሳጥሩ እንበላቸዋ» አለ ልጁ። መዝገብ ቤት ርዕስ ሲያሳጥር የት አይቶ እንደሆነ እንጃ። ደግሞስ ቢያሳጥሩ፣ አንዷ «ዓመት» ብላ ያስገባችውን ሌላው «አመት» ብሎ ቢጠራው ለሰርቨሩ ሁለት የተለያየ ስም ነው፤ ፋይሉ እዚያው ተቀምጦ «የለም» ይላል።

ስለዚህ ሙሉ ስሙን ዳታቤዙ ውስጥ አስገባነው፤ ዲስኩ ላይ ፋይሉ የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይቀመጣል። ፎልደሩንም በዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም አድርገን ከ777 ወደ 750 መለስነው። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ርዕሱን ዛሬም እንደ ልባቸው ያስረዝማሉ።